ቁጠባዎን በተሻለ ወለድ ለማስቀመጥና ባንክ ለመቀየር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቆጣቢዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የሚደርስ ሰው በመንገዱ የሚያያቸውን የባንክ ሰሌዳዎች ቢቆጥር ጣቶቹ አይበቁትም። ይሁንና አብዛኛው ነጋዴና ደመወዝተኛ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ለሱቁ በቀረበው ቅርንጫፍ ወይም አሠሪው ደመወዝ በሚያስገባበት ባንክ ነው። ይህን ስንፍና ነው ብዬ አልወቅስም፤ በድሬዳዋ ቀትር ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞሩ ወለድ ማጠያየቅ ለማንም አይቀልም። ባንክ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገርም አይደለም። የመጀመሪያው የአቢሲኒያ ባንክ (ዛሬ በተመሳሳይ ስም ከሚታወቀው የግል ባንክ የተለየ ነው) በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ከተሞች መካከል ሐረርና ድሬዳዋ ይገኙበታል። ሰዉ ከባንክ ጋር ከመቶ ዓመት ያላነሰ ትውውቅ አለው፤ ከወለድ ስሌት ጋር ያለው ትውውቅ ግን ያን ያህል አይደለም።

የትኛው ባንክ እንደሚሻል በዚህ ጽሑፍ አልነግርዎትም። ዛሬ የተሻለው ከሦስት ወር በኋላ ላይሻል ይችላልና። የማሳይዎ ራስዎ ማወዳደር የሚችሉበትን መንገድ ነው።

1. ገንዘብዎን በሚፈለግበት ጊዜ ይከፋፍሉት

ወደ ማንኛውም ባንክ ከመሄድዎ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ያለዎትን ገንዘብ በሦስት ይክፈሉት፦ በዚህ ወር የሚወጣ፣ በዓመቱ ውስጥ የሚወጣበት ቀን የሚታወቅ፣ እና ቢያንስ ለአንድ ዓመት የማይነካ። የመጀመሪያው የቤት ወጪ፣ የሱቅ ኪራይና የዕቃ መግዣ ነው። ሁለተኛው በመስከረም የሚከፈል የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሠርግ ወጪ ወይም የንግድ ፈቃድ ማደሻ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው «አለኝ» የሚለው፣ ነገር ግን ሲጻፍ ከታሰበው የሚያንሰው ገንዘብ ነው።

ይህን ሳያደርጉ የሚደረግ የወለድ ፍለጋ አብዛኛውን ጊዜ በኪሳራ ያልቃል። ከፍ ያለ ወለድ የሚከፈለው ለማይነካ ገንዘብ ስለሆነ፣ በአምስተኛው ወር የሚያስፈልገውን ብር ለአንድ ዓመት ያሰረ ሰው የተነገረውን ወለድ ሳያገኝ ያወጣዋል። እቁብ የሚጥሉ ከሆነ ዕጣው ሊወጣልዎ የሚችልበትን ጊዜም እዚሁ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ዕጣው ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ገንዘብ ለድርድር የሚያመች ጥሩ አቅም ነው፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

2. 7 ከመቶ የሚለውን ቁጥር በትክክል ይረዱት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች በቁጠባ ሂሳብ ላይ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎታል። ልብ ሊባል የሚገባው «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ነው። 7 ከመቶ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ከዚያ በላይ መክፈል ለባንኩ የተተወ ነው። «ወለድ እንደሆነ የትም አንድ ነው» የሚለው አባባል በከተማችን ሥር የሰደደ ቢሆንም ትክክል የሚሆነው ለተራው የቁጠባ ሂሳብ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን በቁጥሩ እንጂ በስሌቱ አይደለም።

ስሌቱ ላይ ቆም ብለን እንይ፤ ለነጋዴ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ይበልጣልና። ወለድ በየዕለቱ ቀሪ ሂሳብ ሊታሰብ ይችላል፤ ወይም በወሩ ውስጥ ሂሳቡ ዝቅ ባለበት ቀን በነበረው ቀሪ ብቻ ሊታሰብ ይችላል። በታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በወሩ መጀመሪያ 40,000 ብር አስገባ እንበል። ለ25 ቀናት ሳይነካው ቆይቶ ዕቃ ለማምጣት 35,000 ብር ያወጣል፤ ለቀሩት 5 ቀናት በሂሳቡ ላይ ያለው 5,000 ብር ብቻ ነው። ባንኩ በየዕለቱ የሚያስብ ከሆነ በ7 ከመቶ የወሩ ወለድ ወደ 196 ብር ይሆናል። በዝቅተኛው ቀሪ የሚያስብ ከሆነ ግን የሚያገኘው 29 ብር ብቻ ነው። የወለዱ መጣኔ አንድ ነው፤ ባንኮቹም ሁለቱም «7 ከመቶ እንከፍላለን» ሲሉ አልዋሹም። ይህ ነጋዴ በየወሩ እንዲሁ ቢያደርግ በዓመት ወደ 2,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት ያገኛል ወይም ያጣል።

በተቃራኒው ሐረር ላይ የሚያስተምር፣ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት እየቀነሰ የሚያስቀምጥና የማያወጣ መምህር በሁለቱ ስሌቶች መካከል የሚያየው ልዩነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ለጎረቤትዎ የተሻለው ባንክ ለእርስዎም የተሻለ ነው ብለው አይደምድሙ።

ቀጥሎ ወለዱ ወደ ሂሳብዎ የሚገባው በስንት ጊዜ እንደሆነ ይጠይቁ። 100,000 ብር ለአንድ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ፣ ወለዱ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ከገባ 7,000 ብር ነው፤ በየስድስት ወሩ ከገባ 7,122 ብር ከ50 ሳንቲም፤ በየወሩ ከገባ ደግሞ 7,229 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ ነገር ግን ያለ ምንም ድካም የሚገኝ ነው።

ግብሩንም አይርሱ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በቁጠባ ተቀማጭ ወለድ ላይ 5 ከመቶ፣ በሌላ ዓይነት ወለድ ላይ ደግሞ 10 ከመቶ ግብር እንዲከፈል ደንግጓል። ግብሩን ባንኩ ራሱ ቀንሶ ስለሚያስቀር አስቀማጩ አያየውም። የግብር ሕግ ስለሚሻሻል፣ ዛሬ በእርስዎ ዓይነት ሂሳብ ላይ የሚቀነሰው ስንት እንደሆነና የጊዜ ገደብ ተቀማጭ (ለተወሰነ ጊዜ ላይነካ በውል የሚታሰር ገንዘብ) በየትኛው መጣኔ እንደሚታይ ቅርንጫፉን ይጠይቁ፤ ሁለት ባንኮችን ሲያወዳድሩም ከግብር በኋላ የሚቀረውን ይያዙ።

እውነቱን ለመናገር፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ 7 ከመቶ ያገኘ ሰው ብሩ ቢጨምርም የመግዛት አቅሙ ቀንሷል። የቁጠባ ወለድ ሀብት ያከማቻል ብዬ አላታልልዎትም። ነገር ግን ብሩ በባንክ መቀመጡ ካልቀረ፣ 7 ከመቶ እያገኘ መቀመጡና 12 ከመቶ እያገኘ መቀመጡ አንድ አይደለም።

3. ሦስት ቅርንጫፎችን በተመሳሳይ ጥያቄዎች ይጎብኙ

ጠዋት ይሂዱ። ፀሐይ ሳይበረታ መሄዱ ለእርስዎም ይሻላል፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ለመነጋገር ፋታ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀቱ ጸጥ ሲል ሥራውም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ይህን የድሬ ሰው አይነገረውም።

ለመስኮት ሠራተኛው ስለ ተራ ቁጠባ መጠየቅ ይችላሉ። ከመነሻው ከፍ ያለ ወለድ ያላቸው ልዩ ሂሳቦች መኖራቸውንም ይጠይቁ፤ በርካታ ባንኮች ለሴቶች፣ ለልጆች፣ ለወጣቶች ወይም ለቤት መሥሪያ ብለው የሚከፍቷቸው ሂሳቦች አሏቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በወለዱ ላይ ጥቂት የመቶኛ ነጥብ ይጨምራሉ። በባለቤትዎ ወይም በልጅዎ ስም መክፈት የሚያዋጣዎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በልጅ ስም የተቀመጠ ገንዘብ መቼና በማን ፊርማ እንደሚወጣ አስቀድመው ይረዱ።

ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይግቡ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ በድርድር የሚወሰን መሆኑን ነው። በሰሌዳ ላይ ያለው መነሻ ነው፤ ገንዘቡ በርከት ሲልና ጊዜው ሲረዝም ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በዓመት ውስጥ እንዲሰበስበው የሚጠበቅበት የተቀማጭ ዕቅድ አለው። የባንኮች የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ማለትም ሰኔ 23 ስለሆነ፣ ሰኔ ሲገባ ዕቅዱ የጎደለበት ሥራ አስኪያጅ እንግዳ ተቀባይነቱ ይጨምራል። የእቁብ ዕጣ ወይም የቡና ሽያጭ ገንዘብ በዚህ ወቅት ከገባልዎ ሳይጠይቁ አያስቀምጡ። በትህትና «ሌላ ባንክ ይህን ያህል ብሎኛል፤ እርስዎ ምን ሊያደርጉልኝ ይችላሉ?» ማለት ነውር አይደለም። ያልተባሉትን ተባልሁ ማለት ግን አያስፈልግም፤ ሥራ አስኪያጆቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት።

የተነገረዎትን ሁሉ ከቀኑና ከቅርንጫፉ ስም ጋር ወዲያውኑ ይጻፉት። የቃል ተስፋ በሳምንቱ ይደበዝዛል።

4. የጊዜ ገደብ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ

ለምሳሌ 200,000 ብር ያለው ሰው ለአንድ ዓመት በ12 ከመቶ ተስማማ እንበል። ከግብር በፊት 24,000 ብር ያገኛል፤ በተራ ቁጠባ ቢቀመጥ 14,000 ብር ነበር። አሥር ሺህ ብሩ የድርድሩ ዋጋ ነው። አሁን ይህ ሰው በስምንተኛው ወር ቸግሮት ገንዘቡን ቢያወጣና ውሉ «ከጊዜው በፊት ከወጣ በተራ ቁጠባ ወለድ ይታሰባል» የሚል ከሆነ የሚደርሰው 9,333 ብር ገደማ ነው። ውሉ «ወለድ አይከፈልም» የሚል ከሆነ ደግሞ ባዶ እጁን ይወጣል። ሁለቱም ዓይነት ውሎች ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ይህን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ ካላገኙት በጽሑፍ እንዲጨመርልዎ ይጠይቁ።

ገንዘብዎን በሁለት ወይም በሦስት ውል መክፈል ብልህነት ነው። 200,000 ብሩን አንድ ላይ ከማሰር ይልቅ 100,000ውን ለአንድ ዓመት፣ 50,000ውን ለስድስት ወር፣ ቀሪውን ለሦስት ወር ቢያስቀምጡ፣ ድንገት ሲቸግርዎ አንዱን ብቻ ያፈርሳሉ። ወለዱ በትንሹ ሊቀንስ ይችላል፤ እኔ ግን ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ውሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ይወቁ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እኔ ራሴ ለአንድ ዓመት ያስቀመጥሁት ገንዘብ ጊዜው ካለቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለማውጣት ብሄድ፣ በራሱ ለሌላ አንድ ዓመት መታደሱ ተነገረኝ፤ ያውም ከመጀመሪያው ባነሰ ወለድ። ውሉን ሳነበው በአራተኛው አንቀጽ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ስፈርም ያላነበብሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የውል ማብቂያ ቀንን በስልኬ ከመመዝገብ አልፌ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያም አከብበዋለሁ፤ ውሉ በአውሮፓውያን ቀን ከተጻፈም ወደ እኛ ቀን ለውጬ።

5. ወለድ ለማይወስድ ሰው

በድሬዳዋም በሐረርም ብዙ ደንበኛ የሚጠይቀው ወለድ ሳይወስድ ስለሚቆጥብበት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በተለየ መስኮት ተጀምሮ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሂሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። በአደራ የሚቀመጠው ወዲዓ ዋናውን ገንዘብ ይጠብቃል እንጂ ትርፍ እንዲያስገኝ ቃል የተገባለት አይደለም። ሙዳረባ የሚባለው የኢንቨስትመንት ሂሳብ ግን ባንኩ ገንዘቡን ሠርቶበት የተገኘውን ትርፍ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ የሚካፈሉበት ነው።

ብዙ ሰው «ከወለድ ነፃ» ሲባል ትርፍ የለውም ብሎ በወዲዓ አስቀምጦ ለዓመታት ይተወዋል፤ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ለአንድ ዓመት የማይነካ ገንዘብ ካለዎት ሙዳረባን ይጠይቁ። ሲጠይቁም ሁለት ቁጥር ይያዙ፦ የትርፍ ክፍፍሉ ድርሻ ስንት ለስንት እንደሆነ፣ እና ባለፈው ዓመት ለእያንዳንዱ 100 ብር በተግባር የተከፈለው ስንት እንደነበረ። ድርሻው ብቻውን ለማወዳደር አይበቃም፤ ከትልቅ ትርፍ ትንሽ ድርሻ ከትንሽ ትርፍ ትልቅ ድርሻ ሊበልጥ ይችላልና። ትርፉ አስቀድሞ የተወሰነ ስላልሆነም ካለፈው ዓመት ሊያንስ እንደሚችል ይቀበሉ።

6. ሽልማትና ማባበያ

በእንግሊዝ አገር ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሂሳብን ከባንክ ወደ ባንክ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ከነክፍያ ትዕዛዞቹ የሚያዛውር ሥርዓት አለ፤ አንዳንድ ባንኮችም ለተዛወረ ደንበኛ የገንዘብ ስጦታ ይሰጣሉ። የእኛ ማባበያ ሌላ መልክ አለው። «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚሉ ዕጣዎች፣ ከውጭ የተላከን ገንዘብ በእነሱ በኩል ለሚቀበል የሚሰጡ ስጦታዎች፣ አንዳንዴም የመጀመሪያ ወራት የአገልግሎት ክፍያ ነፃ መሆን ናቸው።

ዕጣን እንደ ወለድ አይቁጠሩት። መኪናው የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ወለዱ የሚደርሰው ለሁሉም ነው። ዕጣው ወለዱን ሳይቀንስ የሚመጣ ከሆነ ግን ምንም አይጎዳዎትም፣ ኩፖንዎን ይውሰዱ። ከጅዳ ወይም ከጅቡቲ ወገን የሚልክልዎ ካለ ስጦታውን ሳይሆን በዚያ ቀን በእያንዳንዱ ባንክ ያለውን የምንዛሬ ዋጋ ያወዳድሩ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የባንኮቹ ዋጋ ይለያያል፤ ብዙ ገንዘብ ሲሆን የሳንቲም ልዩነት ከጃንጥላና ከስልክ ካርድ ስጦታ ይበልጣል።

«ዕጣ ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ስልክ ከመጣ ይዝጉት። የትኛውም ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም።

7. የመዛወሩ ሥራ

የሚያዛውርልዎ ሥርዓት ስለሌለ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ሂሳብ ይክፈቱ፤ የፋይዳ መታወቂያዎን፣ ፎቶግራፍ፣ ነጋዴ ከሆኑም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ። ስምዎ በፋይዳ ላይ የተጻፈበትና በአሮጌው ደብተር ላይ የተጻፈበት ፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ «መሐመድ» በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የሐረር ሰው ያውቀዋል። ልዩነቱ ገንዘብ ሲተላለፍ እንቅፋት ይሆናል።

ቀጥለው ትንሽ ገንዘብ፣ 100 ብር ይበቃል፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በሞባይል ባንኪንግ ያስተላልፉና መድረሱን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ያስተላልፉ። የማስተላለፊያ ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ይዞ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው በእግር መሄድን ግን አልመክርም። ደመወዝዎ፣ የሱቅ ኪራይ የሚከፍሉዎ ተከራዮች፣ የቴሌብር ትስስርዎ፣ የብድር ተቀናሽ ካለም ሁሉም ወደ አዲሱ መዞራቸውን በአንድ ሙሉ ወር ውስጥ ያረጋግጡ።

አሮጌውን ሂሳብ ለመዝጋት አይቸኩሉ። ለወደፊቱ ብድር የሚያስቡ ከሆነ ባንኩ የሚመለከተው የሂሳብ እንቅስቃሴዎን ነው፤ አሥር ዓመት የሠሩበትን ሂሳብ ለጥቂት ነጥብ ወለድ ባዶ ማድረግ ብድር ሲፈልጉ ከባዶ መጀመር ይሆናል። ስለዚህ የዕለት ገቢዎ በአሮጌው ይዙር፤ የማይነካው ገንዘብ ብቻ ይዛወር። ለአብዛኛው የገበያ ነጋዴ ከሙሉ መዛወር የሚያዋጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሂሳቡን ፈጽሞ የማይጠቀሙበት ከሆነ ግን የካርድና የመልእክት ክፍያ እየበላው እንዳይቆይ ይዝጉትና የመዝጊያ ማረጋገጫ ይውሰዱ።

ሲያከፋፍሉ የተቀማጭ መድን ጣሪያንም ያስቡ። በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ሽፋን እንዲሰጥ ተወስኗል። 300,000 ብር በአንድ ባንክ ያለው ሰውና በሦስት ባንክ ያለው ሰው በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም።

በመጨረሻም በአዲሱ ባንክ የመጀመሪያው ወለድ ሲገባ ደብተሩን ወይም ስቴትመንቱን ይዘው በእጅዎ ያስሉት፦ ቀሪ ሂሳብ በወለዱ መጣኔ ይባዛል፣ ገንዘቡ በተቀመጠባቸው ቀናት ይባዛል፣ ለ365 ይካፈላል፣ ግብሩ ይቀነሳል። ያገኙት ቁጥር ከገባው ጋር በጥቂት ሳንቲም ከተለያየ ይተዉት። በብሮች ከተለያየ ግን ባንኩ የነገረዎትን የጻፉበትን ወረቀት ይዘው በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጁ ይመለሱ።